ፊልም የማይጠቀልል መጠቅለያ፦ የፊልም ልማድና ዲጂታል ሬንጅፋይንደር በደሴና በኮምቦልቻ

ኤፕሰን የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 አር-ዲ1 የሚባል ካሜራ ለገበያ ሲያቀርብ አናቱ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ትቶ ነበር፤ የፊልም መጠቅለያ ዘንግ። ካሜራው ዲጂታል ነው፤ ውስጡ የሚጠቀለል ፊልም የለም። ዘንጉ የሻተሩን ሞላ ከመወጠር ሌላ ሥራ የለውም። ቢሆንም አንሺው አንድ ፎቶ ባነሳ ቁጥር በአውራ ጣቱ ስቦ ካልመለሰው ሁለተኛ ፎቶ አያገኝም። ስንት ፎቶ እንደቀረው የሚነግረው እንደ መኪና ነዳጅ መለኪያ ያለ መርፌ ነው። የጀርባው ስክሪንም ተገልብጦ ፊቱን ወደ ውስጥ አድርጎ ይዘጋል። ዲጂታል ሬንጅፋይንደር ወደ ገበያ የገባው በዚህ ካሜራ ነው። ገና ሲወለድ የሞተ ወላጁን ልብስ ለብሶ ተወለደ ማለት ነው።

ከውጭ የመጣ ዘመድ ትቶልኝ ከሄደ ወዲህ ይህን ካሜራ አንገቴ ላይ አድርጌ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ተመላልሻለሁ። ዲጂታል ሬንጅፋይንደርን በፊልም ልማድ ስለመጠቀም በየአገሩ ብዙ ተጽፏል። ምክሩ ሲጨመቅ ጥቂት ቃል ነው፤ ቆጥበህ አንሳ፣ ስክሪኑን አትይ፣ ውጤቱን ለማየት አትቸኩል። ምክሩን አልንቅም፤ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ግን አንድ ጥያቄ ይቀድመዋል። ልማዱን የምንወርሰው ከየትኛው የፊልም ባለሙያ ነው?

መጀመሪያ መሣሪያው። ሬንጅፋይንደር በሌንሱ ውስጥ አያይም። ፊቱ ላይ ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት መስኮቶች አሉት፤ ሁለቱ የሚያዩት ምስል መሃል ላይ ባለች ትንሽ ብሩህ አራት ማዕዘን ውስጥ ይደራረባል። ሌንሱ ሲዞር አንደኛው ምስል በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ ገጥመው አንድ ሲሆኑ ርቀቱ ተለካ ማለት ነው። የቀያሽ ሥራ ነው፤ ሦስት ማዕዘን ሠርቶ ርቀት ማግኘት። ደሴ ፒያሳ አስፋልት ዳር ሻይ የምትሸጥ ሴት ብርጭቆ ስታቀብል ለማንሳት ስሞክር በካሜራው መስኮት ውስጥ የማየው ሁለት ብርጭቆ ነው፤ አንዱ ደማቅ፣ አንዱ እንደ ጥላ። ሁለቱ የብርጭቆ ከንፈሮች ተጋጥመው አንድ መስመር እስኪሆኑ ሌንሱን በጣቴ እገፋለሁ። ሲገጥሙ እንፋሎቱ ራሱ የቆመ ይመስላል። በዚህ መሃል ከፍሬሙ መስመር ውጭ ያለው መንገድም ይታየኛል፤ ከቧንቧ ውሃ በኩል የሚመጣው ባጃጅ፣ ድንች የተሸከመው ልጅ። ማን ወደ ፎቶዬ ሊገባ እንደሆነ ሳይገባ አውቃለሁ። የዚህ ካሜራ መስኮት ነገሩን በትክክለኛ መጠኑ ስለሚያሳይ ሁለቱንም ዓይኔን ከፍቼ ማንሳት እችላለሁ። በእኔ እምነት የሬንጅፋይንደር ትልቁ ስጦታ ይኼ ነው እንጂ ማነሱ ወይም ድምፁ ዝግ ማለቱ አይደለም።

የፊልም ልማድ ዋናው ክፍል ግን በመስኮቱ ከማየትም በፊት ያለቀ ነው። ወሎ ውስጥ ክራር መቺ አምባሰልን ሊጫወት ሲነሳ በመሃል እየቃኘ አይሄድም፤ አስቀድሞ ክሮቹን ቃኝቶ በተሰጠው አምስት ድምፅ ውስጥ ይኖራል። የመንገድ ላይ የፊልም አንሺም እንዲሁ ነው። አፐርቸሩን 8 ላይ፣ ርቀቱን 3 ሜትር ላይ አድርጎ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው በፎከስ መጨነቅ ሳይሆን ወደ ሰው መጠጋትና ከሰው መራቅ ነው። እኔም በዚህ ቅኝት ወጣሁ፤ ከዚያም ተሳሳትኩ። ባለ 35 ሚሊሜትር ሌንሴ ላይ የተቀረጸው ምልክት ከ2 ሜትር ገደማ እስከ 7 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት እንደሚል ይናገራል። ምልክቱ የተቀረጸው ግን ለሙሉ የፊልም ፍሬም ነው። የአር-ዲ1 ሴንሰር ከፊልሙ ያነሰ ስለሆነ ምስሉ ሲታተም ይበልጥ ይለጠጣል፤ ጥርት የሚለውም ከ2 ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ እስከ 5 ሜትር ብቻ ነው። ሰኞ ገበያ ላይ ከኋላ ቆመው ያነሳኋቸው የፍየል ነጋዴዎች ሁሉ ደብዝዘው የወጡት ሌንሱ የድሮውን እውነት ስለነገረኝ ነው።

ብርሃኑም እንደዚሁ ያታልላል። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጠዋት ጉም ይሸፍናታል፤ ጉሙ ሲገፈፍ ደግሞ ፀሐይዋ ምሕረት የላትም። የኔጋቲቭ ፊልም አንሺ ብርሃን የሚለካው ለጥላው ነበር፤ ፊልሙ ብርሃን ቢበዛበትም ነጩን ቀስ እያለ ያፍነዋል እንጂ ጨርሶ አይጥለውም። ሴንሰር ግን ተቃራኒ ነው። አንድ ጊዜ ከሞላ ሞላ፤ ከዚያ በላይ ያለው ነጭ ባዶ ነው፤ ምንም ዓይነት ማስተካከያ አይመልሰውም። ዓርብ ከሸዋበር መስጊድ የሚወጣውን ሕዝብ በኔጋቲቭ ልማድ ለጥላው ለክቼ ሳነሳ ነጭ ጀለቢያዎች ሁሉ ወረቀት ሆነው ቀሩ፤ እጥፋት የለ፣ ስፌት የለ። ስለዚህ «እንደ ፊልም አንሳ» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ቃል በቃል ከተወሰደ ጥፋት ነው። ዲጂታል የሚመስለው ቀጥታ ቀለም የሚወጣበትን የስላይድ ፊልም ነው፤ የሚለካውም ለነጩ ነው። ዲጂታል ሴንሰር የራሱ ጠባይ እንዳለው ካሜራ ሠሪው ኩባንያ ላይካም በራሱ ላይ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ኤም8 ለዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን በበቂ ስለማያጣራ ሰው ሠራሽ ጥቁር ጨርቅን ወይን ጠጅ አድርጎ ያሳይ ነበር። ለደሴ ጥቁር አባያ የማይመች ካሜራ!

እዚህ ድረስ የተናገርኩት የእጅ ጥበብ ነው። ክርክሬ ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ላይካ እ.ኤ.አ. በ2016 ኤም-ዲ የሚባለውን፣ ከጀርባው ስክሪን የሌለው ዲጂታል ካሜራ አወጣ፤ ስክሪን ካለው መንትያው በላይ ዋጋ ተጠይቆበት። ሰው የተቀነሰለትን ነገር ጨምሮ ከፍሎ ገዛ። ይህ የሚያሳየው እጥረት ራሱ የቅንጦት ዕቃ መሆኑን ነው። በፊልም ዘመን ሁሉም ቆጥቦ ያነሳ ነበር የሚለው ተረትም ብዙ አይራመድም። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ጋሪ ዊኖግራንድ እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሞት አንስቶ ያላጠባቸው 2,500 ገደማ ጥቅልል ፊልሞች ትቶ ሄዷል። በአንድ ጥቅልል 36 ፎቶ ሲታሰብ 90,000 ፎቶ ነው። ከዘመናችን ስልክ ያዥ በምን ይለያል? ፊልም ብቻውን ቁጥብነትን አላስተማረም፤ ትዕግሥትንም አላስተማረም።

ይህን ሁሉ በፎቶ ቤት ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ የደሴ አዛውንት ፊት አንስቼ ነበር። «ጋሼ፣ ያኔ በ36ቱ ፊልም ሲሠሩ አስበው አስበው ነበር አይደል የሚያነሱት?» አልኳቸው። ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ የምናስበው ሂሳቡን ነው» አሉ። «አንድ ሰው አንዴ ይነሳል። ዓይኑን ከጨፈነ ድጋሚው ከኔ ኪስ ነው። ዋናው እሱ አይደለም፤ ዋናው ቀጠሮው ነው። ቀብድ ተቀብለህ ‹ሐሙስ ና› ካልከው ሐሙስ ፎቶው መገኘት አለበት። ፊልሙ ቢቃጠልብህ ከኩታበር በእግሩ ለመጣው ሰው ምን ትለዋለህ?»

ከዚህ በፊት ያነበብኩት ምክር ሁሉ የዘለለው ቀብዱን ነበር። የፎቶ ቤቱ አንሺ ከማንሳቱ በፊት ዕዳ ገብቷል። ተነሺው በመጋረጃው ላይ ከተሳለው ደረጃና አበባ ፊት ሲቆም ግማሹን ከፍሏል፤ ጉርድ ይሁን ሙሉ ቁመት እሱ ወስኗል፤ ወረቀቱም የሱ ነው። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ጀርባው ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና ቀኑ ያርፍበታል፤ ባለቤቱ ደግሞ «ለመታሰቢያ» ብሎ ለሚወደው ሰው ይጽፍበታል። በአማርኛ አንሺም ተነሺም ግሱን የሚካፈሉት ያለ ነገር አይመስለኝም፤ አንዱ ያነሳል፣ ሌላው ይነሳል፣ በመካከላቸው የሚነሳው አንድ ፎቶ ነው። ያ መዘግየት፣ ዛሬ እንደ መንፈሳዊ ልምምድ የሚሸጥልን መጠበቅ፣ በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ውል ነበር።

ወሎ ግን ሌላውንም ዓይነት የፊልም ባለሙያ በደንብ ታውቃለች። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋ ውስጥ ነበሩ፤ ከመትረየስ ኋላ ሆነው የሚታዩበት ፎቶ በዓለም ጋዜጦች ዞረ። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው የረሀቡን ፎቶ አንስተው አዲስ አበባ ግቢያቸው ውስጥ አሳዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ረሀቡ የሠራው የቴሌቪዥን ፊልም በእንግሊዝ ታየ፤ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር አጣብቆ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በሚወርዱበት ዋዜማ ለአገሩ ሕዝብ አሳየው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው የረሀብ ምስል በቢቢሲ ሲተላለፍ ዓለም ተናወጠ። እነዚህ ምስሎች የሠሩትን ሥራ ማቃለል ነውር ነው፤ እህል አመጡ፣ መንግሥት ነቀነቁ። ግን የተነሱት ሰዎች ቀብድ አልከፈሉም፣ ቀጠሮ አልተሰጣቸውም፣ ወረቀትም አልደረሳቸውም። በወሎ ስንት የሰው ፊት ለዓለም ሁሉ ታይቶ ለራሱ ቤት ግድግዳ ግን አልተረፈም።

እንግዲህ ሁለቱም ወገን በጥንቃቄ ሠርቷል፤ ሁለቱም ምስሉን ለማየት ጠብቋል። «የፊልም አካሄድ» የሚለው ስም ለሁለቱም ይሆናል፤ ልዩነታቸውን ግን አይነካም። ስክሪን ዘግቶ፣ ዘንግ እየሳበ፣ 36 ቆጥሮ የሚሄድ ባለ ዲጂታል ካሜራ ከሁለቱ የትኛውን እንደወረሰ የሚታወቀው ካርዱ ከካሜራው ከወጣ በኋላ ነው። እኔ በመጀመሪያው ዓመት የወረስኩት ሁለተኛውን ነበር። በጣም ቆጥቤ፣ በጣም አስቤ የሰበሰብኩት ሁሉ ኮምፒውተሬ ውስጥ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ለወጥኩ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ በሚኒባስ እወርዳለሁ፤ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ጃኬት የሚወልቀው መሃል መንገድ ላይ ነው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ፣ ሠራተኞች ወደ ማታ ሲወጡ፣ ከሚቀርቡኝ ጋር አውርቼ አነሳለሁ፤ በአንድ ቀን ከ12 አላልፍም። ቁጥሩ የተወሰነው በፍልስፍና ሳይሆን በማሳተሚያው ዋጋ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ፎቶውን የሚወስድበትን ቀን እነግራለሁ፤ በቀጠሮው እመለሳለሁ። አንዳንዱ አይመጣም፤ ሥራ ለቅቋል ወይም ፈረቃው ተቀይሯል፤ ያልተወሰዱት ፎቶዎች በፖስታ ውስጥ እየበዙ ነው።

ባለፈው ጊዜ የመጣችው የልብስ ስፌት ሠራተኛ ናት፤ ሃያ ዓመት የሚሆናት። ፎቶዋን ተቀብላ ትንሽ አየችው፤ ነጠላዋ ላይ ያለው ጥበብ እስከ ክሩ ይታያል፤ ለነጩ ለክቼ ነበር። ብዙም አልተደነቀችም። ወዲያው ገልብጣ ጀርባውን አየች።

«ቀን የለውም እንዴ?» አለችኝ። «እናቴ ቤት ያሉት ሁሉ ማኅተም አላቸው።»

እስክሪብቶ አውጥቼ ቀኑን ጻፍኩላት። ከሥሩ «ኮምቦልቻ» ብዬ ልጨርስ ስል «ቆይ፣ እሱን እኔ እጽፈዋለሁ» ብላ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደች።