«ውሃ ጨምርበት!»

ከጉደር ወደ ጌዶ በሚወስደው ዳገት ላይ ኮፈኗን ከፍታ፣ እንፋሎቷን እየለቀቀች የቆመች አሮጌ መኪና ያላየ የምዕራብ ሸዋ መንገደኛ ይኖራል ብዬ አላምንም። እናላችሁ፣ መኪናዋ ገና በቅጡ ሳትቆም ችሎቱ ይሰየማል። ተሳፋሪው፣ በግ የሚነዳው ገበሬ፣ ቆሎ ሻጩ ልጅ፣ ሁሉም ዳኛ ነው። ፍርዱም አንድ ነው፤ «ውሃ ጨምርበት!»

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ለብዙ ዓመታት ያስተማርኩት ሥነ ጽሑፍ ነው። ይህን ፍርድ በሰማሁ ቁጥር ግን ተማሪዎቼ ትዝ ይሉኛል። ቅኔ ሲቀርብላቸው ሰሙን እንደያዙ እጃቸውን ያወጣሉ፤ ወርቁን የሚፈልግ ጥቂት ነው። የሞተር ሙቀትም እንደዚያው ነው። ሙቀቱ ሰም ነው፤ ወርቁ ከሥር ነው። ውሃ የጨመረ ሰው ሰሙን አበረደ እንጂ ቅኔውን አልፈታም።

ንባቡ የሚጀምረው ከጥያቄ ነው። መቼ ነው የሚሞቀው? ቆሞ ሲሠራ ሞቆ ሲሄድ የሚበርድ ከሆነ ጥርጣሬው ቬንቲላተሩ ላይ ነው፤ መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ሥራውን ይሠራለታልና። ከተማ ውስጥ ደኅና ሆኖ ዳገት ላይ የሚፈላ ከሆነ የራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ተደፍነው ይሆናል። ሞተሩ ግሎ ሳለ የራዲያተሩ የታችኛው የጎማ ቱቦ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ቴርሞስታቱ «አልከፍትም» ብሎ ሊሆን ይችላል። ውሃው መሬት ሳይነካ የሚጎድል፣ በጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ የሚወጣ፣ ዘይቱም ማኪያቶ የሚመስል ከሆነ ግን ነገሩ ከብዷል፤ የቴስታታው ጋስኬት ሳይበላ አልቀረም። (በነገራችን ላይ የአምቦ መካኒክ በኦሮምኛ ተጫውቶ፣ በአማርኛ ዋጋ ተነጋግሮ፣ ዕቃውን በጣሊያንኛ ይጠራል፤ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ኮፈን።) እንፋሎቱ አንድ፣ ምክንያቱ ግን ብዙ።

የሙቀት መለኪያውም ቢሆን ሁልጊዜ አይታመንም። ውሃው ጨርሶ ሲያልቅ የሚለካው ነገር ስለሚያጣ መርፌው ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ሹፌሩ «ተመስገን፣ በረደ» ብሎ ይነዳል። ዝምታን ሁሉ ሰላም ነው ብሎ የሚያነብ ሰው መጨረሻው ይኸው ነው።

ለእነዚህ ከተሞች ደግሞ የተለየ ጉዳይ አለ። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ብዙ ሞተር ደግሞ ጤነኛ ሆኖ የሚሠራው በ90 አካባቢ ነው። ይህን ጠባብ ክፍተት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊት አምቆ ይይዝና መፍያውን ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግን ሌላ ሕመም የሌለው ሞተር እንኳ ዳገት ላይ ሊፈላ ይችላል። እንዲህ ያለች ትንሽ ዕቃ ማን ይጠረጥራታል? (ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን የሚከፍትም አለ፤ የታመቀው ውሃ ፊቱን ይልጠዋል።)

የሚጨመረው ውሃስ? በሰንቀሌ ከእ.ኤ.አ. 1930 ጀምሮ የሚታሸገው የአምቦ ውሃ ስሙ የተጠራው በማዕድኑ ነው። ለጠጪው የተመሰገነው ካልሲየምና ባይካርቦኔት ለራዲያተር ጠላት ነው፤ ሲሞቅ ነጭ ድንጋይ ሆኖ ቱቦው ላይ ይጋገራል። ሹፌሩ ግን የመንገድ ዳር ምንጭም ይሁን ወንዝ ያገኘውን ይቀዳል። ዛሬ መድኃኒት ሆኖ የገባው ነገ በሽታ ይሆናል። በጋለ ሞተር ላይ በድንገት የፈሰሰ ቀዝቃዛ ውሃማ ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ቴርሞስታት አውልቆ የመጣል ልማድ ነው። «የተሠራው ለፈረንጅ ብርድ ነው፤ ለእኛ አገር ምን ያደርጋል?» ይባላል። የአምቦን የኅዳር ማለዳ የማያውቅ ሰው ንግግር ነው! ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ያግዳል፤ ብዙ ጊዜ 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መክፈት ይጀምራል። ሲወልቅ ሞተሩ ሳይሞቅ እየሠራ ነዳጅ ይፈጃል፣ ቶሎም ያልቃል። በአንዳንድ ሞተሮች እንዲያውም የውሃው ከፊል በራዲያተሩ ሳያልፍ እንዲዞር ስለሚያደርግ ሙቀቱን ያብሰዋል። ዘበኛው እንቅልፋም ከሆነ ሌላ ዘበኛ ይቀጠራል እንጂ በሩ ተነቅሎ አይጣልም።

ታዲያ ይህ ሁሉ የመካኒኩ ጥፋት ነው? አይደለም። አንድ ወዳጄ አሮጌ ኮሮላ አለው። አንዱ ጋራዥ የውሃ ፓምፕ ቀየረለት። ሌላው ራዲያተር ቀየረለት። ለሁለቱም አሥር ሺዎችን ቆጥሮ ሲከፍል አልተነፈሰም። ሦስተኛው ልጅ እግር መካኒክ ነበር። «ጋሼ፣ መቼ መቼ ነው የሚሞቀው?» ብሎ ጀመረ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሞተሩን አስነስቶ ሰማ፣ ቱቦዎቹን ዳሰሰ፣ በመጨረሻ አዲስ ክዳን አስገዝቶ ገጠመ። ሙቀቱ ቀረ። ወዳጄ ልጁ የጠየቀውን ዋጋ ሲሰማ ግን ጮኸ፤ «ምን ሠራህና ነው? አየኸው እንጂ!»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለዕቃ እንከፍላለን፤ ለማየት አንከፍልም። ደንበኛው ለማሰብ የማይከፍል ከሆነ ባለሙያው ዕቃ መቀየርን ይማራል። የዚያ ልጅ ግማሽ ሰዓት ያለ ዋጋ ከቀረ፣ ለሚቀጥለው ደንበኛ እሱም ራዲያተር ይቀይራል።

ደግሞም አሮጌዎቹ መኪኖች የትም አይሄዱም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። አዲሶቹ በኤሌክትሪክ ቢመጡም፣ መግዛት ያልቻለው ብዙ ሰው የያዛትን ይዞ መኖሩ ነው። ለዚህ ሰው የተቃጠለ ሞተር የዕለት እንጀራ ነው፤ የልጅ ትምህርት ነው።

በደርግ ዘመን «ሒስና ግለ ሒስ» ሲባል ሒስ የሚለው ቃል ክስ መስሎ ቀረ። እኔ ሒስ የምለው ያ ልጅ የሠራውን ነው፤ «መቼ? የት ጋ? ከምን በኋላ?» ብሎ መጠየቅን። ተማሪ ሲወድቅ መጽሐፍ እንቀይራለን፤ መሥሪያ ቤት ሲበላሽ ኃላፊ እንቀይራለን፤ የሚፈላው ግን አሁንም ይፈላል። መካኒኩ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ጥያቄ ካነሳ አታጣድፉት። ሒሳብ ስትዘጉም የጥያቄውን አብራችሁ ክፈሉ።