ፀሐይ የጨለመችበት ገጽ

የባይዛንታይኑን መነኩሴ የቴዎፋነስን ዜና መዋዕል ካገኛችሁ ስለ ሕፃኑ ንጉሥ ስለ ስድስተኛው ቆስጠንጢኖስ የጻፈውን አትዝለሉት። ልጁ እ.ኤ.አ. በ776 በአምስት ዓመቱ ከአባቱ ጋር ዘውድ ጫነ። አባቱ ሲሞት ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ መንግሥቱን እናቱ ኢሬኔ ያዘች። ካደገ በኋላ በሥልጣን ተጣሉ፤ በ797 በተወለደበት በዚያው የቤተ መንግሥት ክፍል ዓይኖቹን አወጡት።

አሁን ጸሐፊውን ልብ በሉ። ቴዎፋነስ ሥዕላትን ከሚያከብሩት ወገን ነው (በዚህ ከእርሱ ጋር ባንስማማም)፤ ኢሬኔ ደግሞ በ787 በኒቅያ ጉባኤ ሥዕላቱን የመለሰች ንግሥት ናት። ስለ ውለታዋ ሊሸፍንላት ይችል ነበር። እርሱ ግን በእናቱ ትእዛዝ እንደ ተደረገ ጻፈ፤ ፀሐይም 17 ቀን ጨለመች፣ መርከቦች መንገድ ሳቱ አለ። ለልጁም አላዳላም፤ በ792 የአጎቱን ዓይን ማስወጣቱን፣ የሌሎቹን አራት አጎቶቹን ምላስ ማስቆረጡን አልደበቀም። እንዲህ ያለ ብዕር በየወገናችን ስንት አለ?

የምነቅፈው አንድ ነገር ነው፦ የልጁ ልብ ብዙም አይታይም። እናቱ ከፍራንኮች ንጉሥ ልጅ ጋር የታሰበውን ጋብቻ አፍርሳ ሌላ ስታጋባው እጅግ እንዳዘነ ይነግረናል፤ ከዚያ ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል። እዚያ ላይ ጥቂት በቆየ ኖሮ!