የብርጭቆ እሾህ በበረሃ መናፈሻ

ተፈጥሮ ቀርፃ በጨረሰችው ቦታ ላይ ቀራፂ ሥራውን ይዞ ሲገባ፣ የሚነሣው ጥያቄ ሥራው አማረ ወይስ አላማረም የሚል ብቻ አይደለም። ከቦታው ጋር ምን ያገናኘዋል? ለማንስ ይናገራል? በአሜሪካ፣ በአሪዞና በረሃ ላይ በተቆረቆረችው በፊኒክስ ከተማ የሚገኘው የበረሃ ዕፅዋት መናፈሻ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መፈተኛ ነው።

መናፈሻው የተወለደው ከሥጋት ነው። የበረሃው ዕጣ ያሳሰበው ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ጉስታፍ ስታርክ «በረሃውን አድኑ» የሚል ጽሑፍና ወደ ቤቱ የሚያመለክት ቀስት ያለበት ሰሌዳ አቆመ። በዚሁ ጥሪ ዙሪያ የተሰባሰቡት፣ ከነዚህም መካከል ገርትሩድ ዌብስተር፣ ማኅበር መሠረቱ፤ መናፈሻውም በ1939 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚሁ ናቸው) ተከፈተ። ዛሬ ከ50,000 የሚበልጡ ተክሎች ይገኙበታል።

በዚህ ሥፍራ የብርጭቆ ጥበበኛው ዴል ቺሁሊ ሦስት ጊዜ፣ በ2008፣ በ2013ና በ2021፣ ትርኢት አቅርቧል። ከመጀመሪያው ትርኢት አረንጓዴና ቢጫ የሆኑ ሹል ማማዎች በመግቢያው ላይ ቋሚ ሆነው ቀርተዋል። የእጅ ሙያውን የሚክድ አይኖርም። ቺሁሊ በ1979 ትከሻው ከተጎዳ ወዲህ የጋለውን ብርጭቆ በቧንቧ የሚነፉት ረዳቶቹ ናቸው፤ እርሱ ይነድፋል፣ ይመራል። የብዙ ሰው ላብ ነው፤ ፊርማው ግን የአንድ ሰው ነው (ይህ እንኳ በኪነ ጥበብ ገበያ አዲስ ነገር አይደለም)። ምሽት ላይ መብራት ሲያርፍበት ዐይን ይማርካል። ጉድለቱ የሚገለጠው ተመልካቹ ዘወር ብሎ ተክሉን ሲያይ ነው። ማማዎቹ የቃጫ ወገን የሆነውን የአጋቬን ቅጠል ይመስላሉ። አጋቬ ግን የሾለው በውስጡ ያከማቸውን ውኃ ከተጠማ እንስሳ ሊጠብቅ ነው፤ ብርጭቆው የሾለው ሹልነት ስለሚያምር ብቻ ነው።

ሳዋሮ የተባለው ግዙፍ ተክል ነገሩን ይበልጥ ያስረዳል። ኢትዮጵያዊ ተመልካች ቁልቋል ነው ማለቱ አይቀርም፤ ዝምድና ግን የላቸውም። የአገራችን ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈስሳል፤ ሳዋሮ ከካክተስ ወገን ነው፣ ይህ ወተት የለውም። ሁለቱን ያመሳሰላቸው ድርቅ ነው። በሁለት አህጉር አንድ ዓይነት ችግር አንድ ዓይነት መልክ ወለደ። የሳዋሮ ግንድ ከላይ እስከ ታች እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ እጥፋቱ ይዘረጋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። የመጀመሪያ ክንዱን ለማውጣት ሃምሳ፣ ሰባ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ነጭ አበባው በሌሊት ይፈነዳል፤ በማግሥቱ ይከደናል። ስለ ይዘትና ቅርፅ ውሕደት ብዙ ተጽፏል፤ ይህን ያህል ግልጽ ማስረጃ የሚገኘው ግን ከስንት አንዴ ነው።

በመናፈሻው ውስጥ የላቀው የጥበብ ሥራ የቱ ነው ቢባል፣ የሰውንና የዕፅዋትን ኑሮ በሚያሳየው ጠባብ መንገድ ላይ ይገኛል። በዚያ የቶሆኖ ኦኦድሃም ሕዝብ ዳስ ተሠርቷል። ስማቸው «የበረሃ ሰዎች» ማለት ነው። የሳዋሮን ፍሬ የሚያወርዱት ከራሱ ከደረቀው ሳዋሮ አጥንት በተሠራ ረጅም ዘንግ ነው፤ ፍሬውን አፍልተው እንደ ማር ያወፍሩታል፣ ከዚያም ጠጅ ጥለው ዝናብ ይለምኑበታል። ልማዱ ዛሬም አልጠፋም። ዳሱ የሠሪ ፊርማ የለበትም። ጎብኚው ግን በአፋር ምድር አርብቶ አደሩን ያስቸገረው የፕሮሶፒስ ዘመድ የሆነውን የመስኪትን ፍሬ በሙቀጫ ሲወቅጥ፣ ዛፉ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ምግብ ይሆንበታል። ብርጭቆው ተመልካችን ያስደንቃል፤ ሙቀጫው ያሳትፈዋል።

ይህ ልዩነት የጣዕም ጉዳይ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ያደረገው የአየሩ ጠባይ ነው። በ2023 በፊኒክስ ሙቀቱ ለ31 ቀናት በተከታታይ ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ዋለ። ሳዋሮ አየር የሚያስገባው በሌሊት ነው፤ አስፋልቱና ሲሚንቶው የቀኑን ግለት ይዘው ሲያድሩ ሌሊቱ አልበርድ አለ። ክንዶች ተገነጠሉ፣ ግንዶች ወደቁ። ቀደም ሲል በ2020ም ከተማዋ ከባድ ሙቀት አሳልፋለች፤ በዓመቱ የቀረበው የብርጭቆ ትርኢት ግን ስለዚህ መከራ ከቀለም በቀር የሚናገረው አልነበረውም። ብርጭቆ ከእሳት የወጣ ነውና ሙቀት አያስፈራውም።

ትርኢቱ ሕዝብ ይጠራል፣ የመግቢያው ገንዘብ ተክሉን ያጠጣል የሚል መከራከሪያ ይሰማል። የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ሕዝብ የሚጠራው ብርጭቆ ብቻ ነው ያለው ማነው? የኦኦድሃም ሴቶች ከዩካ ቅጠልና ከሣር የሚሰፉት ስፌት አለ፤ እንደ መሶብ ከመካከል ተነሥቶ እየተጠመጠመ የሚሰፋ ነው። ጥቁሩ ጌጥ በቀለም የተነከረ አይደለም፤ «የሰይጣን ጥፍር» ከሚባል ተክል የደረቀ ፍሬ የተላጠ ነው። የመናፈሻው ኃላፊዎች አራተኛ የብርጭቆ ትርኢት ከማሰባቸው በፊት ዋናውን በር ለእነዚህ ሰፊዎች ይስጡ። የሥራው ዕቃ እዚያው በረሃ ውስጥ በቅሏል።