የመንግሥትን ሥራ ስለ መማር

ቀድሞ ቤተ መንግሥት በነበረውና በ1954 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ቅጥር በሆነው በስድስት ኪሎው ገነተ ልዑል፣ የፖለቲካ ሳይንስና የሕዝብ አስተዳደር ሊማር የሚቀመጥ ወጣት፣ ሥልጣን ራሱ ያድርበት በነበረው ዐጸድ የሥልጣንን ባሕርይ ስለሚመረምር፣ ይህን ትምህርት በልዩ አክብሮት እመለከተዋለሁ። የአፍላጦንንና የአርስጣጣሊስን አሳብ መስማት ያስደስታል፤ የትምህርቱ ጣዕም ግን፣ እንደ እኔ ግምት፣ የሚገኘው በአስተዳደሩ ክፍል ነው፤ አንዲት አቤቱታ ከመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ተቀብላ፣ ከክፍል ወደ ክፍል ተመርታ፣ በኅዳጓ ላይ «ተመልክታችሁ አስፈጽሙ» ተብሎ ተጽፎባት፣ ማኅተም እስኪያርፍባት ድረስ የምትጓዘውን መንገድ በትዕግሥት የተከታተለ ተማሪ፣ መንግሥት የሚባለው ረቂቅ ነገር በፍጻሜው የአንድ ጸሐፊ እጅ መሆኑን ያስተውላል። (ማኅተም ያዡ ምሳ ከወጣ ግን ፍልስፍናው ሁሉ ደጅ ይጠናል።) የመንግሥትን ሥራ መመርመርም ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በድሬዳዋ የጉምሩክ ሹም የነበሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን የጻፉት፣ በአገሩ አንድ እንኳ ዩኒቨርሲቲ ሳይኖር ነበር፤ እርሳቸው በ1911 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ መጽሐፉ በ1916 ዓ.ም. ታተመ።