ጸሎትና ስፖርት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ

ልጆች የሚያሳድግ ሰው «ጊዜ ሳገኝ እጸልያለሁ፤ ጊዜ ሳገኝ ስፖርት እሠራለሁ» ካለ ሁለቱንም አያደርግም። እኔ ቀኑን ሙሉ ባንክ ውስጥ ተቀምጬ እሠራለሁ። ሦስት ልጆች አሉኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠዋት የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ክላክስ ሳያደርግ ምሳ ዕቃ መቋጠር አለበት፤ ማታ የቤት ሥራ አለ፤ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሌሊትም ጀሪካን የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ባለ ቤት ትርፍ ሰዓት የለም። ለጸሎትም ለስፖርትም የሚሆነው ጊዜ ከሌላ ሥራ ተቆርጦ ወይም ከሌላ ሰው ተበድሮ የሚመጣ ነው። ሙያው ያለው አቆራረጡና አበዳደሩ ላይ ነው።

የጸሎት መጠን እንዲሰጡኝ የንስሐ አባቴን በጠየቅኋቸው ጊዜ መጀመሪያ ያነሡት የልጆቼን ዕድሜ ነበር። «ትንሹ ጡት ጥሏል?» አሉኝ። ከዚያ አባታችን ሆይ፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያምና ከዳዊት አንድ መዝሙር ብቻ ወሰኑልኝ። «አባቴ፣ አላነሰም?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ይቺን ሳታቋርጪ ያዢያት፤ ልጆቹ ሲያድጉ እንጨምርበታለን» አሉ።

አንድ መዝሙር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ዳዊት የሚደግም ሰው ያውቃል። 150ው መዝሙር በ15 ንጉሥ ተከፍሎ፣ አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር ይዞ፣ ለሳምንቱ ቀናት ተደልድሏል፤ የሰኞው ድርሻ ብቻ 3 ንጉሥ ነው። እኔ የተሰጠኝ ከዚያ ላይ ቁራሽ ነው። ነገር ግን መጠኑን የወሰነው የእኔ ስሜት ስላልሆነ ደስ ባለኝ ቀን አላስረዝምም፣ በከፋኝም ቀን አልቀንስም። በየማለዳው «ዛሬስ ምን ያህል ልጸልይ?» እያሉ ከራስ ጋር መከራከር ራሱ ጊዜ ይበላል፤ እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው ደግሞ በዚያ ክርክር ሁልጊዜ ይሸነፋል። ያለ መጠን በሞቀ ስሜት የጀመሩ ወላጆች ልጃቸውን ትኩሳት በያዘው በመጀመሪያው ሌሊት ሲያቆሙ አይቻለሁ።

ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። ቢሮ የሚውል ሰው ይህን ሲሰማ ለገዳም ብቻ የተደነገገ ይመስለዋል። እኔን በሥራ ቀን የሚይዙኝ ግን ሠለስት፣ ቀትርና ተሰዓት ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ልክ 3፣ 6 እና 9 ሰዓት ላይ ይውላሉ። ወንበሬ ላይ እንዳለሁ፣ አንዱ ደንበኛ ሄዶ ሌላው እስኪጠራ፣ አንድ አባታችን ሆይ በልቤ እላለሁ። ማንም አያውቅም። የተሰጠኝን መጠን የማደርሰው ጠዋት ልጆቹ ሳይነሡ ነው፤ ስልኬን ከዚያ በፊት አልከፍትም፣ ቴሌግራም ከገባሁ ውዳሴ ማርያሙ መቅረቱ ነውና። የማታው ከልጆቹ ጋር፣ ከራት በፊት፣ ሁላችንም ቆመን ነው። ትንሹ ስለሚርበው «አሜን»ን ከሁላችን ቀድሞ ይላል።

መንፈቀ ሌሊትን ያስጀመረኝ ውሃው ነው። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው ሁሉ ከተኛ በኋላ ሲሆን ግፊቱ ስለሚደክም እኛ ፎቅ ድረስ አይወጣም፤ ከታች ተቀድቶ ይሸከሙታል። ጀሪካኑ እስኪሞላ ቆሞ መጠበቅ ግድ ነው። ያን ጊዜ ለጸሎት ማዋል ምንም ተጨማሪ ሰዓት አልጠየቀኝም። ፈረቃውን ያወጣው ሰው ይህን አስቦ እንዳላደረገው እርግጠኛ ነኝ።

ስፖርቱም በዚሁ መንገድ ነው የሚያዘው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ቀድሞ እንቅስቃሴው የሚቆጠረው ሳይቋረጥ 10 ደቂቃ ሲሞላ ብቻ ነበር፤ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2020 የወጣው መመሪያ ግን ያንን ገደብ አንሥቶታል። አጭሩም ይቆጠራል ማለት ነው። ለወላጅ ከዚህ የበለጠ የምሥራች አላውቅም። ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ከታክሲ ወርዶ ፈጠን ብሎ መሄድ፣ ደረጃውን ሳያርፉ መውጣት፣ ወጡ እስኪበስል ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብድግ መሥራት ይደመራል። (ቁጭ ብድጉን ሲያዩ ልጆቼ «እማዬ፣ ማን ቀጣሽ?» ይላሉ። ትምህርት ቤት የሚያውቁት በቅጣትነቱ ነው።) ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ጂም ቤት ከፍለን ከምናነሣው ብረት አይተናነስም። ሲያነሡት ጀርባን ሳይሆን ጉልበትን ማጠፍ፣ ጀሪካኑን ወደ ሰውነት ማስጠጋት፣ ደረጃው እኩሌታ ላይ እጅ መቀየር ነው። ወገቡን የሚያመው ሰው ደግሞ ሙሉውን ከመታገል ትንንሹን ጀሪካን ቢያመላልስ ይሻለዋል።

«ስግደት እያለ ስፖርት ለምን?» የሚሉኝ አሉ። ሐሳቡን አልወደውም። ስግደት ለእግዚአብሔር የሚቀርብ አምልኮ ነው፤ ካሎሪ ሊቆጥሩበት የተሠራ አይደለም። ቢሞክሩትም አይሆንም፦ ቅዳሜና እሑድ የንስሐ ስግደት የለም፣ ሥጋ ወደሙ በተቀበሉበት ቀን አይሰገድም፣ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናትም አይሰገድም። ስግደቱን ስፖርት ያደረገ ሰው ሃምሳ ቀን ሙሉ ሊቀመጥ ነው። ነገሩን ገልብጠው ቢያዩት ግን ትርጉም ይሰጣል። አምልኳችን የሚሠራ አካል ይፈልጋል። ቅዳሴ በቁም ነው የሚሰማው፤ ሕፃን ያዘለች እናት ደግሞ ክብደቱን ጨምራ ነው የምትቆመው። የስቅለት ዕለት ቀኑን ሙሉ ይሰገዳል። ዓመቱን ሙሉ ከወንበር ያልተነሣ ሰው የዚያን ዕለት ማታ ጭኑ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ ትንሣኤን ደረጃ መውረድ አቅቶት ግድግዳ ተደግፎ ያሳልፋል። እኔ እግሬን የማጠነክረው ለመቅጠን ብቻ አይደለም፤ ቆሜ ላስቀድስ፣ ስሰግድም ሐሳቤ ከጉልበቴ ሕመም ላይ እንዳይውል ነው።

በጾም ወራት ሰዓቱን አዛውራለሁ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ የሚጾም ሰው ማለዳ ላብ እስኪያጠምቀው ቢሮጥ የሚጠጣውን ውሃ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቅ ይውላል። ስለዚህ በጾም ሩጫ የለኝም። ከሥራ ስወጣ በእግር እሄዳለሁ፤ ቤት ስደርስ ውሃውም ምግቡም አለ። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ ወይም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን የንስሐ አባቱንም ሐኪሙንም ሳያማክር የእኔን አይከተል።

እሑድ ጠዋት ለብቻው የሚነሣ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ውስጥ ለስፖርት የሚዘጋው መንገድም ታላቁ ሩጫም እሑድ ጠዋት ላይ ይውላሉ። ቅዳሴውም ያኔ ነው። እኔ ወደ ቅዳሴው ነው የምሄደው፤ የሩጫው ቲሸርት ምንም ቢያምር። ኪዳን አድርሰው፣ አስቀድሰው፣ ከዚያ የሚሮጡ ብርቱዎች አሉ፤ ሦስት ልጆች አልብሶ ለሚወጣ ሰው ግን ሁለቱ አንድ ጠዋት ላይ አይገጥሙም።

ስለዚህ የእኛ ቤት የስፖርት ቀን ቅዳሜ ሆነ፤ ብድሩ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። አንዱን ቅዳሜ ባለቤቴ ጃን ሜዳ ኳስ ሲጫወት እኔ ከልጆቹ ጋር እቀራለሁ፤ በሌላው ቅዳሜ እሱ ቀርቶ እኔ ወደ እንጦጦ እወጣለሁ። እዚያ ዳገቱና የባሕር ዛፉ አየር አለ፤ ሳንባ ከፍታውን እስኪለምድ ቀስ ማለት ነው፣ ከዚያ እንጦጦ ማርያምን ተሳልሞ መመለስ። ይህ የቅዳሜ ነገር ያለ ጠብ አልተስተካከለም፤ የወንዱ ኳስ «ልማዱ ነው» ተብሎ ሲታለፍ የሴቷ ሩጫ እንደ ቅብጠት የሚታይበት ቤት ብዙ ነው። እታች ያለችው ጎረቤቴ ልጆቿን የምታሳድገው ብቻዋን ነው። ከእሷም ጋር እንዲሁ እንለዋወጣለን፦ እሷ የሠርክ ጉባኤ ስትሄድ ልጆቿ እኛ ቤት ያመሻሉ፣ እኔ ስሄድ የእኔዎቹ እሷ ዘንድ ናቸው።

ይህን የምታነቡ ባሎች፣ ሚስቶቻችሁ «ጊዜ የለኝም» ሲሏችሁ የቅዳሜን ጠዋት ስጧቸው። ልጆቹን አልብሳችሁ፣ ቁርስ አብልታችሁ፣ «የት አለ?» ብላችሁ ስልክ ሳትደውሉ።