የጌታ ቤት ድመት፦ የ«ቶምና ጄሪ» ሳቅ ምንጭ

ድመትና አይጥ በብዙ ሕዝቦች ተረት ውስጥ የባላንጣነት ምሳሌ ሆነው ይገኛሉ። በአማርኛም መስማማት የተሳናቸው ሰዎች «እንደ ድመትና አይጥ» ይባላሉ፤ ድመትም ብትመነኩስ ዓመሏን እንደማትረሳ ይነገራል። ስለዚህ ዊሊያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ የተባሉት አሜሪካውያን የካርቱን ፊልም ሠሪዎች በ1940 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የድመትና የአይጥ ፊልማቸውን ሲያቀርቡ ያነሡት ርእስ አዲስ አልነበረም። አዲስ የነበረው አያያዛቸው ነው። ሁለቱ ባለሙያዎች በሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ስቱዲዮ እስከ 1958 እ.ኤ.አ. ድረስ 114 አጫጭር ፊልሞችን ያወጡ ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል 7ቱ የኦስካር ሽልማት አግኝተዋል። በሲኒማ ቤት ከዋናው ፊልም ጋር እንዲታዩ የተሠሩት እነዚህ የጥቂት ደቂቃ ሥራዎች ዛሬም ሕፃኑንም አዋቂውንም ያስቃሉ። የሳቁ ምንጭ ምንድን ነው?

የተለመደው መልስ «ደካማው ብርቱውን ስለሚያሸንፍ ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ ሐሰት ባይባልም ጎዶሎ ነው። ደካማ ብርቱን የሚያሸንፍበት ታሪክ ሁሉ አያስቅም። ከዚህም በላይ ፊልሞቹን በጥሞና የተከታተለ ተመልካች ልቡ ብዙ ጊዜ ወደ ተሸናፊው ወደ ድመቱ ሲያደላ ያገኘዋል። ነገሩ የደካማው ድል ብቻ ቢሆን ኖሮ ለቶም ማን ባዘነ?

መልሱን ለማግኘት ወደ መጀመሪያው ፊልም መመለስ ያሻል። ድመቱ በዚያ ፊልም ገና ቶም አልተባለም፤ ስሙ ጃስፐር ነው። አይጡን እያሠቃየ ሲጫወት ዕቃ ይሰብራል። የቤቱ ሠራተኛም ከእንግዲህ አንድ ዕቃ ቢሰብር ከቤት እንደምታባርረው ታስጠነቅቀዋለች። አይጡ ይህን ይረዳና አንድ ብርጭቆ አንሥቶ ሊጥለው ይዘጋጃል። ድመቱ ባለበት ደርቆ ይቀራል። በዚያች ቅጽበት አይጡ አላደገም፤ ድመቱም አላነሰም። ነገር ግን ድመቱ እንጀራው በሌላ እጅ ያለ፣ በጌታ ቤት የሚያድር ፍጡር መሆኑ ተገልጧል። አይጡ ጎሬ እንጂ ጌታ የለውም፤ ስለዚህ የሚሰበር ዕቃ አያስፈራውም። ጥቂት ቆይቶ ድመቱ የተወረወሩለትን ሳህኖች እየቀለበ፣ ክምሩን ተሸክሞ ሲንቀጠቀጥ እናየዋለን።

የሳቁ ምንጭ ከዚህ ላይ ነው። ቶም ብርቱ ነው፤ ብርታቱ ግን የታሰረ ነው። ጄሪ የሚያሸንፈው የዚያን ገመድ ጫፍ ስለሚያውቅ ነው። ተመልካቹም ገመዱን ከራሱ ኑሮ ያውቀዋል፤ በአለቃው ፊት ቁጣውን ውጦ የቆመ ሰው ሁሉ ሳህን የተሸከመውን ድመት አይስተውም። በአይጡ ብልኃት እየሳቀ ለድመቱ የሚያዝነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይኸው ሥርዐት በ1947 እ.ኤ.አ. በወጣው የፒያኖ ኮንሰርት ፊልም ውስጥ ረቅቆ ይታያል። ቶም የክብር ልብስ ለብሶ የፍራንዝ ሊስትን ሁለተኛ የሃንጋሪ ራፕሶዲ ሊጫወት ይቀመጣል። ጄሪ በፒያኖው ውስጥ ተኝቷል። ጠቡ ይጀመራል፤ ሆኖም ቶም በታዳሚው ፊት ነውና ሙዚቃውን ማቋረጥ አይችልም። እዚህ ላይ የሚያስረው የቤት ጌታ ሳይሆን የአዳራሹ ዐይን ነው። ስለዚህ በአንድ እጁ እየተጫወተ በሌላው ይዋጋል፤ በመጨረሻም እርሱ ደክሞ ሲወድቅ ጭብጨባው ለአይጡ ይሆናል። የሙዚቃው ባለሙያ ስኮት ብራድሌይ ሥራም እዚህ ላይ ሊጤን ይገባዋል። ሁለቱ ገጸ ባሕርያት እምብዛም ስለማይናገሩ ሙዚቃው የድርጊቱ አጃቢ ብቻ ሳይሆን ቃለ ተውኔታቸው ጭምር ሆኗል።

ገመዱ እስከ ምን ሊከር እንደሚችል ደግሞ በ1952 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው የአይጥ ወታደሮች ፊልም ያሳያል። ቶም በቤተ መንግሥት የግብር ማዕድ እንዲጠብቅ ይታዘዛል፤ ከማዕዱ ቢጎድል አንገቱ እንደሚቀላ ይነገረዋል። ማዕዱ ይጎድላል፤ ዛቻውም ይፈጸማል። ሞቱ በቀጥታ አይታይም፤ ከሩቅ የሚታየው የመቅሊያው ስለት መውረዱ ብቻ ነው። ሳቁ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ደራሲዎቹ ለአንድ አፍታ መጋረጃውን ገልጠው የሳቁ መሠረት ፍርሃት መሆኑን አሳይተዋል።

ይሁን እንጂ የድመቱን አገልጋይነት ይህን ያህል የተረዱት ሠሪዎች የሰውን አገልጋይነት አላዩም። ድመቱን የምትቆጣው ሴት ጥቁር አሜሪካዊት የቤት ሠራተኛ ናት። ድምፅዋን የሰጠቻት ሊሊያን ራንዶልፍ የተባለችው ጥቁር ተዋናይት ነበረች። ሴትዮዋ የምትታየው በአብዛኛው ከእግሯ እስከ ሽርጧ ነው፤ ፊት የላትም ማለት ይቻላል። አነጋገሯና አኳኋኗም ዘረኛው መድረክ ለጥቁሮች ከሰፋው ልብስ የተቀደደ ነው። የጥቁሮች መብት ተሟጋቾች ተቃውሞ አሰሙ፤ ሴትዮዋም ከ1952 እ.ኤ.አ. በኋላ በፊልሞቹ አልታየችም። እርሷም ብትሆን ዕቃ ቢሰበር የምትጠየቅ ሳትሆን አትቀርም፤ እርሷም በገመድ የታሰረች ናት። ለድመቱ የተሰጠው ርኅራኄ ለሴትዮዋ አለመሰጠቱ የእነዚህ ፊልሞች ትልቁ ጉድለት ነው። ሙያቸውን ማድነቅ ይህን እንዲሸፍን መፍቀድ አይገባም።

በኋላ ሌሎች እጆች ሞክረዋል። በ1961 እና በ1962 እ.ኤ.አ. በጂን ዳይች መሪነት በፕራግ 13 ፊልሞች ተሠርተው ነበር። በአንዳንዶቹ የቶም ጌታ ቁጡ ሰው ሆኖ ድመቱን ያለርኅራኄ ይቀጠቅጠዋል። ጌታው አለ፤ ዱላውም አለ። ነገር ግን አይጡ የሚጫወትበት፣ ድመቱም የሚጠነቀቅበት ግልጽ ሕግ ሳስቷል። ሕጉ ሲሳሳ ሥቃዩ ብቻ ይቀራል፤ ሥቃይ ብቻውን ደግሞ አያስቅም።

ከዚህ የተውኔት ጸሐፊ የሚቀስመው ትምህርት አለ። በመድረክ ላይ ሁለት ባላንጣዎችን ማፋጠጥ ቀላል ነው። አስቸጋሪው እያንዳንዱ ማንን እንደሚፈራና ምን እንዳያጣ እንደሚጠነቀቅ ተመልካቹ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ሃና እና ባርቤራ ይህን በአንዲት ብርጭቆ ፈጽመውታል።