የሰው ኮድ በአደራ

ለሊኑክስ ፓኬጅ እሠራለሁ ስል ሰው ሁሉ ፕሮግራመር ያደርገኛል። አይደለሁም። የምተዳደረው በሂሳብ ሥራ ነው። ኮድ አነባለሁ፣ ሲያስፈልግ አንድ ሁለት መስመር አቃናለሁ፣ ከዚያ አላልፍም። የፓኬጅ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አንዱ ጀርመን ወይም ጃፓን ተቀምጦ የጻፈውን ፕሮግራም ተረክበህ፣ በማታውቀው ሰው ኮምፒውተር ላይ ከብዙ ሺህ ሌሎች ፕሮግራሞች ጋር ሳይጋጭ እንዲኖር ታደርጋለህ። ፕሮግራሙ ያንተ አይደለም፤ ኮምፒውተሩም ያንተ አይደለም። ነገር ሲበላሽ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ስምህ ነው።

እንደ ብዙ እኩዮቼ ሊኑክስን ያወቅኩት በኡቡንቱ ነው። ከ2005 እስከ 2011 ድረስ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የኡቡንቱ ሰዎች ለጠየቃቸው ሁሉ ሲዲ በነፃ በፖስታ ይልኩ ነበር። እዚህ አዲስ አበባ አንድ ሙሉ ሲዲ ከኢንተርኔት ማውረድ ቀልድ በነበረበት ዘመን ያ ሲዲ ትልቅ ነገር ነበር። ውሎ አድሮ ኡቡንቱ ራሱ አብዛኛውን ነገር ከዴቢያን እንደሚወስድ ሳውቅ ወደ ምንጩ ሄድኩ፤ እዚያው ቀረሁ።

ዴቢያንን በኦገስት 1993 የጀመረው ኢያን መርዶክ የሚባል ተማሪ ነው። ስሙንም ከራሱና በጊዜው ፍቅረኛው ከነበረችው ከዴብራ ስም ገጣጥሞ አወጣው። ከጀርባው ባለቤት የሆነ ኩባንያ የለም። ለዘመድ ሳስረዳ እድር ነው እላለሁ፦ መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ በየዓመቱ በድምፅ የሚመረጥ መሪ አለው፣ አባል ልሁን ስትል የሚያውቅህ ሰው ይመሰክርልሃል፣ ማኅበሩ ደመወዝ አይከፍልህም፣ ክርክርም አይጠፋም። በ1997 የጸደቀ፣ ከተጠቃሚው ጋር የተገባ ማኅበራዊ ውል የሚባል ሰነድም አለው። ከአንቀጾቹ አንዱ ችግርን ላለመደበቅ ቃል ይገባል። እኔን የያዘኝ ይህ አንቀጽ ነው። የስህተት መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው፤ ለዓመታት መፍትሔ ያጡ ስህተቶች ሳይቀሩ ከነክርክራቸው እዚያ ተቀምጠዋል። ገመናውን እንዲህ ደጅ ላይ የሚያሰጣ ድርጅት እስካሁን ሌላ አላየሁም።

የኔ ፓኬጅ የጽሑፍ ፋይል የምታስተካክል ትንሽ መሣሪያ ናት፤ ስሟን ብጠራውም የሚያውቃት አንባቢ ስለማይኖር ልለፈው። ጸሐፊዋ አዲስ ስሪት ሲያወጣ ምንጩን አውርጄ ከበፊቱ ጋር አስተያያለሁ። የጸሐፊው ኮድ እንዳለ ይቀመጣል፤ የዴቢያን የሆነው ነገር ሁሉ የሚገባው «ዴቢያን» በሚባል አንድ ፎልደር ውስጥ ነው። ፓኬጇ የትኞቹን ሌሎች ፓኬጆች እንደምትፈልግ፣ እንዴት እንደምትገነባ፣ ማን መቼ ምን እንደለወጠ የሚጻፈው እዚያ ነው። ሰው ሁሉ የሚሸሸው የቅጂ መብት ፋይሉን ነው። እያንዳንዱ የኮድ ቁራጭ የማን እንደሆነና በምን ፈቃድ እንደተለቀቀ መመዝገብ አለበት። ፕሮግራመሩ ከሌላ ቦታ የቀዳትን አንዲት ገጽ ፈቃዷን ሳይገልጽ ከቷት ከሆነ፣ አዲስ ፓኬጅ ከበር ይመለሳል። ጀማሪዎች በዚህ ይበሳጫሉ። እኔ የሂሳብ ሰው ስለሆንኩ ነው መሰለኝ ይህን ፋይል እወደዋለሁ።

ቀጥሎ ግንባታው ነው። በራሴ ላፕቶፕ ላይ መገንባቱ ማስረጃ አይሆንም፤ ላፕቶፔ ውስጥ የተጠራቀመ ጓዝ አለና። ስለዚህ ለዚሁ ሲባል ከባዶ በተዘጋጀ ንጹሕ ዴቢያን ውስጥ ይገነባል። ከዚያ ሊንቲያን የሚባል መርማሪ ፕሮግራም ያበጥረዋል፤ የመመሪያውን የፊደል ግድፈት ሳይቀር ያወጣል። ይህን ያለፈ ፓኬጅ ሲድ ይገባል።

የዴቢያን ስሪቶች የሚሰየሙት በቶይ ስቶሪ ፊልም ገጸ ባሕርያት ነው፤ በጊዜው ፕሮጀክቱን ይመራ የነበረው ብሩስ ፔረንስ የፒክሳር ሠራተኛ ስለነበር የመጣ ልማድ ነው። ሲድ በፊልሙ ውስጥ አሻንጉሊት የሚሰባብረው የጎረቤት ልጅ ነው፤ በዴቢያን ደግሞ ሁልጊዜ የሚለዋወጠው፣ ዛሬ ሠርቶ ነገ ሊሰበር የሚችለው ክፍል። ፓኬጅ እንደ አጣዳፊነቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 10 ቀን እዚያ ቆይቶ፣ ከባድ ስህተት ካልተገኘበትና የሌላውን ካላበላሸ ወደ መፈተኛው ክፍል ያልፋል። በየሁለት ዓመቱ ገደማ ደግሞ ለአዲስ ነገር በሩ ይዘጋና ለወራት ስህተት ብቻ ሲታረም ይከርማል፤ ከዚያ የተረጋጋው ስሪት ይወጣል። የቅርቡ ስሪት ትሪክሲ የተለቀቀው ኦገስት 9 ቀን 2025 ነው፤ 69,830 ፓኬጆች አሉት።

«ዴቢያን ያረጀ ሶፍትዌር ነው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። የተረጋጋው ስሪት ላይ ያለው ፕሮግራም ከውጪው ዓለም በዓመት በሁለት ዓመት ወደኋላ መቅረቱ እውነት ነው። ለቤቴ ላፕቶፕ ሲድን እመርጣለሁ። የሰው ገንዘብ የሚመዘገብበት ሰርቨር ላይ ግን ትናንት የወጣ ሶፍትዌር የሚጭን ሰው ምን እያሰበ እንደሆነ አይገባኝም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው በሰው ኮድ ላይ ምን ያህል እጅ ማስገባት እንደሚገባ መወሰን ነው። ሜንቴይነር፣ ማለትም ፓኬጁን የሚጠብቅ ሰው፣ ኮዱን የመለወጥ ሥልጣን አለው፤ ለዴቢያን የማይስማማውን መስመር ቆርጦ ሌላ መቀጠል ይችላል። ሥልጣኑ የት እንደሚያደርስ ደግሞ ሁለት ታሪኮች አሉ።

የመጀመሪያው ኦፕን ኤስኤስኤል በሚባለው የምስጢር መጠበቂያ ፕሮግራም ላይ የደረሰው ነው። ቫልግራይንድ የሚባል፣ ፕሮግራሞች ሚሞሪን በትክክል መጠቀማቸውን የሚፈትሽ መሣሪያ አለ። በ2006 ይህ መሣሪያ በኦፕን ኤስኤስኤል ኮድ ላይ ያማርር ነበር። የዴቢያኑ ሜንቴይነር የፕሮግራሙን ሰዎች በኢሜይል ጠየቀ፤ ተው የሚል መልስ ስላልመጣለት አማራሪዎቹን መስመሮች አወጣቸው። ማማረሩም ቆመ። ከወጡት መስመሮች አንዱ ግን የምስጢር ቁልፍ የሚሠራበትን የዘፈቀደ ቁጥር ይመግብ የነበረ ነው። እሱ ሲጠፋ ከቁልፍ ቁልፍ የሚለያየው ነገር ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር የሚሰጠው መለያ ቁጥር ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ያ ደግሞ ከ32,768 አይዘልም። በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ የተሠሩ ቁልፎች አንድ ተራ ኮምፒውተር ቆጥሮ ሊጨርሳቸው የሚችሉ ሆኑ። ነገሩ የተገለጠው በሜይ 2008 ነው፤ ከዚያ በኋላ በየአገሩ ያሉ ሰርቨሮች ቁልፋቸውን መቀየር ነበረባቸው።

ሁለተኛው የኤክስዜድ ነው። ኤክስዜድ ፋይል የሚጨምቅ ፕሮግራም ሲሆን በድካም የዛለ አንድ ሰው ነበር የሚጠብቀው። ጂያ ታን በሚል ስም የቀረበ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት አገዘውና አመኔታውን አገኘ፤ በመጨረሻም 5.6.0 እና 5.6.1 በተባሉት ስሪቶች ውስጥ ከሩቅ ወደ ኮምፒውተር መግቢያ የሆነውን የኤስኤስኤች ሰርቨር የሚከፍት ድብቅ በር ቀበረ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ፕሮግራመር ነው። ሲድ ላይ ሲሠራ ወደ ኤስኤስኤች መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት፤ ቫልግራይንድ ከዚያ በፊት ማማረሩም ትዝ አለው። ነገሩን ተከታትሎ በማርች 29 ቀን 2024 ይፋ አደረገው። በ2006 ዝም ያሰኙት ቫልግራይንድ በ2024 የሚሰማው ሰው አገኘ ማለት ነው። የተረጋጋው የዴቢያን ስሪት ውስጥ መርዙ አልደረሰም፤ ሲድና መፈተኛው ላይ እያለ ተያዘ።

ብዙ ሰው ይህን ሲተርክ የሚዘለው ነገር አለ። ኤስኤስኤች በራሱ ኤክስዜድን አይጠቀምም። ዴቢያንና ጥቂት ሌሎች ስርጭቶች ኤስኤስኤች አገልግሎቶችን ከሚያስጀምረው ከሲስተምዲ ጋር እንዲነጋገር ብለው የራሳቸውን ቅጣይ ጨምረውበት ነበር፤ ኤክስዜድ ተከትሎ የገባው በዚያ በኩል ነው። ቅጣዩን የጨመረው ሰው ምንም ክፉ አላሰበም፤ ጠቃሚም ነበር። ግን የጸሐፊው ኮድ ውስጥ ያልነበረ መግቢያ ተፈጠረ። ስለዚህ እኔ ቅጣይ ሲያስፈልገኝ መጀመሪያ የምልከው ለፕሮግራሙ ጸሐፊ ነው። ከተቀበለው በሚቀጥለው ስሪት ይዞት ይመጣል፤ እኔም የምሸከመው አይኖርም። ካልተቀበለው ምክንያቱን እጠይቃለሁ። ዝም ካለ፣ ዝምታውን እንደ ፈቃድ አልቆጥረውም። ይህን ስል «ታዲያ ያንተ ሥራ ምንድን ነው?» የሚለኝ አለ። ሥራዬ በአብዛኛው መተው ነው።

ከአዲስ አበባ ሆኖ ይህን መሥራት የራሱ ጣጣ አለው። መብራት ሲሄድ የተጀመረ ግንባታ ይቋረጣል፤ ዳታም ውድ ነው። አፕት ካቸር የሚባለው ፕሮግራም አንዴ የወረደን ፓኬጅ አስቀምጦ በቤት ውስጥ ላሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ስለሚያድል ብዙ ብር አድኖልኛል። የማይፈታልኝ ግን የቁልፍ ፊርማውን ጣጣ ነው። በልማዱ የዴቢያን ገንቢ ለመሆን ነባር ገንቢዎች በአካል አግኝተው፣ መታወቂያህን አይተው፣ ዲጂታል ቁልፍህን ሊፈርሙልህ ይገባል። በርሊን ላለ ሰው ይህ የአንድ ከሰዓት በኋላ ጉዳይ ነው። ገንቢዎች በአካል የሚገናኙበት የዴቢያን ዓመታዊ ጉባኤ ወደ አፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው በ2016 ሲሆን እሱም ኬፕ ታውን ነበር። እስካሁን ፓኬጄን የማስገባው ሥራዬን መርምሮ በራሱ ፊርማ በሚያስገባልኝ ስፖንሰር በኩል ነው።

አንድ ቅሬታ ልጨምር። ከትሪክሲ ጀምሮ ዴቢያን ለአሮጌዎቹ ባለ 32 ቢት ፒሲዎች መጫኛና ከርነል አያወጣም። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ሆኖም እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ዛሬም ሥራ የሚሠራበት ቤት አለ፤ ውሳኔው ከእኛ ይልቅ ለአውሮፓ ይቀላል።

ስለ ፊደላችንም ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም። ግዕዝ በዩኒኮድ የገባው በ1999፣ በ3.0 ስሪት ነው። አቢሲኒካ ፎንት በዴቢያን በአንድ ትእዛዝ ይጫናል፤ በአማርኛ መጻፊያውም አለ። እንዲያውም መስኮትና ምስል በሌለበት በጥቁሩ ኮንሶል ላይ ጎሃ የሚባል የኢትዮጵያ ፎንት መምረጥ ይቻላል። ኮንሶሉ በአንድ ጊዜ ከ512 በላይ ቅርጽ መያዝ እንደማይችልና የእኛ ፊደል ብቻውን ከ300 በላይ እንደሆነ ለሚያውቅ፣ ያንን ያስገባው ሰው ምን ያህል እንደለፋ ይገባዋል። የተርሚናል ፕሮግራሞቹ ግን ዛሬም ያስቸግራሉ። ተርሚናል ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ስፋት ያለው ሳጥን ይሰጣል፤ የግዕዝ ፊደልን የሚቆጥረው እንደ ላቲን በአንድ ሳጥን ነው። «ጠ» እና «ሠ» ግን እዚያ አይበቃቸውም፤ ወይ ይቆረጣሉ፣ ወይ ጎረቤታቸው ላይ ይወጣሉ። ይህን ፍራንክፈርት ያለ ፕሮግራመር አያየውም። ማየት የምንችለው እኛ ነን።

ስለዚህ ዴቢያን የምትጠቀሙ አንባቢዎች፣ አማርኛ ተሰባብሮ ስታዩ ለጓደኛ አማርራችሁ አትተዉት። ሪፖርትባግ የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑና የትኛውን ስሪት እንደምትጠቀሙ፣ ምን እንዳደረጋችሁ፣ ምን ጠብቃችሁ ምን እንዳያችሁ በአጭር እንግሊዝኛ ጻፉ፤ የስክሪኑንም ምስል አያይዙ። አካውንት መክፈት አያስፈልግም፤ ኢሜይል ይበቃል። የምትልኩበት አድራሻ ግን በመዝገቡ ላይ ለሁሉም ይታያል፤ ለዚህ ሥራ ሌላ ኢሜይል ብትከፍቱ ይሻላል።